የባትሪ ብስክሌትና የሸኚዎች ጭነት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ባለቤቴ ጽጌ ከእኔ ጋር አንድ መኪና ውስጥ መቀመጥ አስመርሯታል። እሷ ትነዳለች፣ እኔ ጎኗ ተቀምጬ የሰው ብስክሌት እጠብቃለሁ። ከፊታችን የሚሄድ መኪና ከኋላው ብስክሌት ከጫነ ዓይኔን መንቀል አልችልም። ማሰሪያው ከላላ፣ ጎማው ነፋስ እየመታው ከተሽከረከረ፣ ታርጋው ከተሸፈነ፣ «ጽጌ፣ እስቲ ጠጋ በይለት! መስኮቱን አውርጂው!» እላለሁ። «ሰውየው ፖሊስ ይጠራብናል፤ አርፈህ ተቀመጥ» ትለኛለች። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንዱን ጎረምሳ ቤልትዌይ ከሚባለው የቀለበት መንገድ እስኪወጣ ተከትለነው ነዳጅ ማደያ ውስጥ ማሰሪያውን አጠበቅኩለት። ልጁ አመሰገነኝ። ጽጌ ግን ቀኑን ሙሉ አኩርፋኝ ዋለች።

ይህን ለመጻፍ የተነሣሁትም በእሷ ምክር ነው። «መንገድ ላይ ከምትጮህ ቁጭ ብለህ ጻፈውና ይውጣልህ» አለችኝ።

ሥራዬ ምን እንደነበር ለአገሬ ሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኛል። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ ለብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። ሞተር አንነካም፣ ዘይት አንቀይርም። መኪና ከኋላው ዕቃ እንዲጎትት የብረት መጎተቻ እንገጥማለን። የብስክሌት መጫኛ እንሸጣለን፣ አስረንም እንሰጣለን። አገር ለማየት የሚወጡ ሰዎች ከመኪናቸው ኋላ የሚጎትቱትን ባለ አልጋና ባለ ምድጃ ቤት ለመንገድ እናዘጋጃለን። ይህን ቤት አንዳንዱ ካራቫን ይለዋል፤ እዚህ ሰዉ ትሬለር ነው የሚለው። እኔ አገር ቤት እያለሁ የከባድ መኪና ረዳት ስለነበርኩ ተሳቢ ማለት ይቀናኛል።

እዚያ ጋራዥ የደረስኩት ዞሬ ዞሬ ነው። መጀመሪያ አርሊንግተን ውስጥ ከመሬት በታች ያለ ፓርኪንግ ቲኬት እቆርጥ ነበር። ፀሐይ የማይታይበት ሥራ ነው፤ ከዚያ የማስታውሰው የጭሱን ሽታና የአንድ ሱዳናዊ ባልደረባዬን ሳቅ ብቻ ነው። ቀጥሎ ሄርንደን ሄጄ ከኤርፖርት መንገደኛ የሚያመላልስ ቫን ላይ ሻንጣ ጫኝ ሆንኩ። በሁለት ሺዎቹ መጀመሪያ፣ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር መሆኑ ነው፣ የቫናችን መጎተቻ ተበላሽቶ አሌክሳንድሪያ ወሰድነው። አንድ ረጅም ሽማግሌ ወጣና መጎተቻውን ትቶ ጣራው ላይ የታሰሩትን ሻንጣዎች ማየት ጀመረ። ገመዱን በጣቱ መታ አድርጎ አዳመጠው።

«ይህን ማን አሰረው?» አለ።

«እኔ» አልኩ፣ ጥፋት የተገኘብኝ መስሎኝ።

«ሥራ ትፈልጋለህ?»

ደመወዙ ከሻንጣው ሥራ ብዙም አይሻልም ነበር። ቢሆንም ገመዴን ጆሮ ሰጥቶ ያዳመጠ ሰው ከዚያ በፊት ስላልገጠመኝ ሄድኩ።

ዋልተር ይባላል። በአማርኛ አውርተን ቢሆን ኖሮ አንቱ እለው ነበር። የጋራዡ ባለቤት ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ቢሮ ተቀምጦ ስልክ ያነሣል፣ ደረሰኝ ይቆርጣል። ሥራው ግን የዋልተር ነበር። ምሳውን ሁልጊዜ የሚበላው ግቢ ውስጥ የቆመ ተሳቢ ምላስ ላይ፣ ከመኪናው ጋር በሚያያዘው የፊት ብረት ላይ ተቀምጦ ነው፤ ወንበር ስናቀርብለት «እዚህ ስቀመጥ ክብደቱ ይሰማኛል» ይላል። ቡሎን ሲያጠብቅ ከማንም ጋር አይነጋገርም። ደንበኛው ካናገረው መፍቻውን ያስቀምጣል፣ ፈገግ ብሎ ይመልስለታል፣ ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው ቡሎን ይነሣል። አንድ ወሬ የሚወድ ደንበኛ ነበረን፤ እሱ በመጣ ቀን አንድ መጫኛ ለመግጠም ጠዋት ተጀምሮ ምሳ ሰዓት ያልፋል። እኛ ሳቃችንን ለመደበቅ ከመኪና ሥር እንገባ ነበር።

ብስክሌት አስሮ ሲጨርስ ይይዝና ይንጠዋል። የሚያየው ግን ብስክሌቱን አይደለም፣ መኪናውን ነው። «ብስክሌቱ ብቻውን ከተነቃነቀ ፍታው። መኪናው አብሮት ከተነቃነቀ ተወው» ይለኛል። ከዚያም ደንበኛውን ሰፈሩን ዞሮ እንዲመለስ ይልከዋል። ተመልሶ ሲመጣ ማሰሪያው ሁሌም ላላ ብሎ ይገኛል፤ ጭነት ቦታ ቦታውን የሚይዘው መንገድ ከነካ በኋላ ነው። ዋልተር ያንን ያጠብቅና «መጀመሪያ የምትቆምበት ቦታ ላይ ወርደህ እየው» ብሎ ያሰናብተዋል። ይህን ሳይናገር የሸኘው ደንበኛ አላየሁም።

በእነዚያ ዓመታት ብስክሌት ማለት በአንድ እጅ የሚነሣ ነገር ነበር። ሁለት ሺ አሥር ካለፈ በኋላ ባለ ባትሪዎቹ መምጣት ጀመሩ። የመጀመሪያዋን ያመጣችልን ከኮሌጅ ፓርክ የመጣች ሴትዮ ነበረች። ዋልተር ላንሣው ብሎ ጎንበስ ሲል ብስክሌቱ ከመሬት አልለቅ አለው። ቀና ብሎ አየኝ፣ ወገቡን ይዞ ሳቀ። ከዚያ ምንም ሳይናገር ወደ ግድግዳው ሄደና ብስክሌት በወገቡ የሚንጠለጠልባቸውን የድሮ መጫኛዎች አንድ በአንድ አወረዳቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ የባትሪ ብስክሌት አንጠልጥለን አናውቅም። ሁለቱ ጎማዎች የሚያርፉበት፣ ፋብሪካው የእያንዳንዱን ብስክሌት ክብደት እችላለሁ ብሎ የጻፈበት ጠፍጣፋ መጫኛ ብቻ እንገጥማለን። ባትሪው ይነቀልና መኪና ውስጥ፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይቀመጣል። ብስክሌቱም ይቀላል፣ ባትሪውም ከዝናብና ከመንገድ መንገጫገጭ ይድናል። ሸራ ማልበስ የሚወድ ደንበኛ ካለ ሲቆም እንዲያለብስ እንነግረዋለን፤ በሃይዌይ ላይ ሸራ ነፋስ ይሞላና መጫኛውን ይጎትተዋል።

ተሳቢ ላይ ሲሆን ነገሩ ይብሳል። ይህን ዋልተር ያስተማረኝ በአፉ አይደለም። አንድ ቀን ባዶ ተሳቢ ከመኪናው ጋር አያይዞ «ግባና ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተደግፈህ ቁም» አለኝ። ገባሁ። የግቢያችን መሬት ላይ መኪና ቀስ እንዲል የተሠራች ጉብታ አለች። በዝግታ አለፋት፤ ከፊት ምንም የማይመስል ነገር እኔን ከወለሉ አንሥቶ ጭንቅላቴን ከቁም ሳጥኑ ጋር አላተመኝ። በሩን ከፈተና «አሁን ብስክሌት ነህ» አለኝ። እየሰደብኩት ወረድኩ፤ ስድቡ በአማርኛ ስለነበር እሱም እየሳቀ አዳመጠኝ። የተሳቢ ጅራት ይዘላል። ለመኪና የተሠራ መጫኛ ሁሉ ያንን አይችልም። የተሳቢዋ ባምፐርም ወፍራም መስሎ ይታያል እንጂ ውስጡ ባዶ፣ ብረቱ ስስ ነው። ስለዚህ ኋላ የሚጫን ከሆነ ከሻንሲው፣ ከሥረኛው ዋና ብረት ጋር የተበየደ መያዣ እንሠራለን።

ከሁሉ በላይ ግን ሚዛን አለ። ተሳቢ በጎማዎቿ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ትመዝናለች። ከጠቅላላ ክብደቷ አንድ አሥረኛው ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ የሚለው ፊት ለፊት መጎተቻው ላይ ማረፍ አለበት። ኋላዋ ከከበደ ምላሷ ይቀላል፤ ምላሷ ከቀለለ ሃይዌይ ላይ ጅራቷ ግራ ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል። ሁለት የባትሪ ብስክሌት ከኋላ ስትሰቅል ከዚያው ሚዛን ላይ ነው የምትበላው። እኛ ከምላሷ ሥር ትንሽ ሚዛን አስገብተን እንመዝናለን፤ ጎደሎ ከሆነ ውስጥ ያለውን ዕቃ ወደ ፊት እናዛውራለን፣ ወይም ብስክሌቱን አንጭንም እንላለን።

ዋልተር እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር መፍቻውን አስቀምጦ ሌላ ስቴት ወዳለች ልጁ ሄደ። የመጨረሻ ቀኑን ከእኔ ጋር አንድ ምላስ ላይ ተቀምጠን ሳንድዊች በላን። ሲሄድ ተደብቄ ያለቀስኩት ለአባቴ ካለቀስኩት አያንስም።

ጋሽ አስፋውና ባለቤታቸው እትዬ ወይንሸት ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ፣ እኛ በምንኖርበት ሕንፃ ውስጥ፣ ከእኛ በታች ባለው ፎቅ ይኖራሉ። ጋሽ አስፋው ለረጅም ዘመን ታክሲ ነድተው ዳሌያቸውን ጎዱት። እስከ ፖስታ ሳጥኑ ለመሄድ ሁለት ጊዜ ያርፋሉ። እትዬ ወይንሸት አርሊንግተን በሚገኝ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሲያጥፉ ኖረው ነው ጡረታ የወጡት። ልጃቸው አትላንታ ነው የምትኖረው። አንድ ቀን ጋሽ አስፋው ጓደኛቸው ጋ የባትሪ ብስክሌት ሞከሩና ተቀምጠው፣ ሳያማቸው፣ ስላይጎ ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ተከትለው እስከ ወዲያ ጫፍ ደርሰው ተመለሱ። ያን ማታ በራችንን አንኳክተው «ጌታሁን፣ እግር አወጣሁ!» አሉኝ። ፊታቸው የወጣት ፊት ነበር። ለባለቤታቸውም አንድ ገዙ። ቀጥለው ያገለገለች ትንሽ ተሳቢ ገዙና «በየሐይቁ እየቆምን፣ በየጫካው እየነዳን አትላንታ እንደርሳለን» ማለት ጀመሩ።

ተሳቢዋን እኔው አዘጋጀሁላቸው። ውስጧ ጠባብ ነው፤ ብስክሌቶቹ አይገቡም። ፊቷን የምድጃው የጋዝ ሲሊንደሮች ይዘውታል። ስለዚህ ከሻንሲው ጋር በተበየደ መያዣ ከኋላ ሰቀልናቸው። መዘንኩ፤ ልክ ነው፣ ትርፍ ግን የለውም።

«ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ ከጎማው ወደ ኋላ ምንም ነገር እንዳይጨምሩ» አልኳቸው። «ዕቃ ካለ ከፊት፣ ወይም ከጎማው በላይ ባለው ወለል ላይ።»

«ገባኝ፣ ገባኝ። ታክሲ የነዳሁ ሰው ነኝ እኮ።»

ሰፈር ዞረው ተመለሱ፣ አጠበቅኩ፣ መጀመሪያ የሚቆሙበት ቦታ ላይ ወርደው እንዲያዩ ነገርኳቸው። ዋልተር ቢያይ አንድ ነገር አይጨምርበትም ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስልክ ተደወለ። ሪችመንድን አልፈው ቁልቁለት ላይ ትልቅ የጭነት መኪና በጎናቸው ሲያልፍ የተሳቢዋ ጅራት ተወዛወዘ። ጋሽ አስፋው ደንግጠው ፍሬን ረገጡ። በዚያን ጊዜ ማድረግ የሚገባው ከነዳጁ እግር አንሥቶ፣ መሪውን ቀጥ አድርጎ ይዞ፣ ነጂው አጠገብ ባለው መቆጣጠሪያ የተሳቢዋን ፍሬን ብቻ በእጅ መንካት ነው፤ ግን ሰው ሲደነግጥ እግሩ ይቀድመዋል። ተሳቢዋ ሣሩ ላይ ተገለበጠች፣ መኪናው ዞሮ ቆመ። ጋሽ አስፋው ተረፉ። እትዬ ወይንሸት ክንዳቸው ተሰበረ።

ሆስፒታል ሄጄ ካየኋቸው በኋላ ተሳቢዋ ወደ ተወሰደችበት ግቢ ሄድኩ። በጎኗ ተጋድማለች። ሁለቱ ብስክሌቶች እንደታሰሩ ናቸው። ይዤ ነቀነቅኋቸው፤ አንዱም ማሰሪያ አልላላም። እዚያው ቆሜ የሠራሁትን ሁሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አሰብኩት፣ ስህተቱ የቱ ጋ እንዳለ አላገኘሁትም። ከዚያ በመስኮት ገባሁ።

የመጨረሻው ወንበር ሥር፣ ከኋለኛው ግድግዳ ጋር ተጣብቆ፣ የጤፍ ዱቄት ጆንያ በጆንያ ላይ ተደራርቧል። ንጥር ቅቤ በባልዲ፣ በርበሬ በፌስታል፣ ተፈታቶ የተጠቀለለ የሕፃን አልጋ፣ የመጻሕፍት ካርቶን። ከሁሉም ሥር የድሮ፣ ብረት የሆነች የልብስ ስፌት መኪና። በእያንዳንዱ ላይ በወረቀት የተቀባዩ ስም ተለጥፏል። በርበሬው ፈንድቶ ሁሉ ነገር ቀልቷል። እያስነጠሰኝ ቁጭ አልኩና ገባኝ። እነሱ አትላንታ ሊሄዱ ነው የተባለ ቀን የሕንፃው ሰው፣ የማኅበሩ ሰው፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ሊሸኝ መጥቷል። ባዶ እጁን የመጣ የለም። «ይህችን ለእህቴ»፣ «ይህችን ለልጄ።» ቅቤና በርበሬ ደግሞ አልጋ አጠገብ አይቀመጥም፤ አልጋው ከፊት ስለነበር ሁሉም ወደ ጅራት ሄደ።

ወሬው ሲልቨር ስፕሪንግ ሲደርስ ሌላ ሆኖ ነበር። «የባትሪ ብስክሌት አይደል የገለበጣቸው» ይባላል። የጤፉንና የስፌት መኪናውን ስም ያነሣ አልነበረም። እኔም በየደጃፉ እየዞርኩ የእናንተ ጭነት ነው ልል አልቻልኩም።

ኢንሹራንሱ ከፈለ። ጋሽ አስፋው ግን ሌላ ተሳቢ አልገዙም። ብስክሌቶቹን ምድር ቤት ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አስገብተው ቆለፉባቸው። እትዬ ወይንሸት ክንዳቸው ዳነ፣ ሃይዌይ ሲባል ግን መኪና ውስጥ አልገባም ይሉ ነበር። አትላንታ ያለችው ልጃቸው ወልዳ ስለነበር ሕፃኑን በአውሮፕላን ሄደው አይተው መጡ። ጋሽ አስፋው ከእሳቸው ጋር አልሄዱም። መስኮታቸው አጠገብ ወንበር አስቀምጠው ፓርኪንጉን ያያሉ። ስገባ ስወጣ እጃቸውን ያነሡልኛል፣ አይጠሩኝም። ያ ወንበር እኔን ከውስጥ ይበላኝ ነበር። የሰውን እግር ሰጥቼ የነሣሁ ይመስለኝ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ እትዬ ወይንሸት ጋራዡ በር ላይ ብቻቸውን ቆመው አየኋቸው። ሜትሮ የሚባለውን የከተማ ባቡር፣ ከዚያ አውቶቡስ ይዘው ነው የመጡት። ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ ይዘዋል።

«ሌላ ትሬለር አግኝቻለሁ» አሉኝ። «ለአስፋው አልነገርኩትም። መጀመሪያ አንተ ቼክ አድርገው።»

«እትዬ፣ እርስዎ ይገባሉ እንዴ ትሬለር ያለበት መኪና ውስጥ?»

«አላውቅም። ሰውየው ግን ዓይኔ እያየ መስኮት ሥር ሊሞትብኝ ነው።» ቦርሳቸውን መሬት አስቀመጡ። «አሁን ንገረኝ። ለምን ተገለበጥን?»

የሚዛኑን ነገር አስረዳኋቸው፤ ለጋሽ አስፋውም ነግሬያቸው እንደነበር ጨመርኩ።

«ለአስፋው ነገርከው» አሉ እትዬ ወይንሸት። «አስፋው ከተጋባን ጀምሮ አንድ ሻንጣ አልሸከፈም። የሚጭነው ማን ነው? እኔ ነኝ። ያን ቀን ዕቃ ስቀበል፣ ስደረድር፣ የት ላድርገው ስል ማን ነበር አጠገቤ?»

ያን ሁሉ ዓመት የነገርኩት ለነጂው ነበር፤ በአገሬ ሰው ቤት የሚነዳና የሚጭን ሁለት ሰው መሆኑን ከዋልተር ልማር አልችልም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ማንም ደንበኛ ሲመጣ፣ ፈረንጅም ቢሆን፣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ዕቃውን የሚጭነው ማነው? እሱም ይምጣ» የሚል ሆነ።

እትዬ ወይንሸት እየተመላለሱ ተማሩ። ሁሉንም «ለምን?» ይላሉ። ያገኟትን ተሳቢ አብረን ሄደን መረመርናት፣ ገዟትም፤ ምላሷ ረዘም ያለ ስለሆነ ብስክሌቶቹን ፊት፣ ከጋዝ ሲሊንደሮቹ በላይ ለመስቀል ተመቸን። መኪናው ሲታጠፍ የብስክሌቱ መሪ የመኪናውን የኋላ መስታወት እንዳይመታ ግቢው ውስጥ ግራ ቀኝ እየዞርን አየን። ፊቷ ደግሞ ከልክ በላይ እንዳይከብድ የቀረው ጭነት ሁሉ ጎማው ላይ መዋል ነበረበት። ማሰሪያውን እሳቸው ራሳቸው አሰሩ። አንሶላ ሲያጥፉ የኖሩ እጆች ስለሆኑ ጥግ ከጥግ ሳይገናኝ አይለቁም። ጋሽ አስፋው ሲነገራቸው ከመስኮቱ ሥር ተነሡ። ምድር ቤት ወረዱ፣ ባትሪዎቹን አውጥተው ቻርጅ ላይ ሰኩ።

የመሄጃቸው ዕለት ጠዋት ሚዛኔን ይዤ ወደ ፓርኪንጉ ወረድኩ። ሰዉ ተሰብስቧል። እንደለመደው ሁሉም እጁ ላይ ዕቃ አለ። የእትዬ ወይንሸት ታላቅ እህት፣ እትዬ ዘውዴ፣ ጎማ ባለው ትልቅ ሻንጣ ነው የመጡት። ለልጃቸው ነው፤ አትላንታ ነው የሚኖረው። የስፌት መኪናዋም የእሳቸው ነበረች።

እትዬ ወይንሸት የተሳቢዋ በር ላይ ቆሙ።

«እህቴ፣ አልጭንም» አሉ።

በእኛ ዘንድ ሸኚ የያዘውን መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እዚያ የቆመ ሁሉ ያውቃል። ጋሽ አስፋው ከዘራቸውን ተደግፈው ባለቤታቸውን ያያሉ።

«ለእኔ ነው እንዲህ የምትይው?» አሉ እትዬ ዘውዴ።

«ለአንቺ ነው። ባለፈው እምቢ ማለት አቅቶኝ ያንቺንም የሁሉንም ከኋላ አጨቅኩት። የገለበጠን ብስክሌቱ አይደለም። እኔ ነኝ የጫንኩት፣ እናንተ ናችሁ ያመጣችሁት። አስፋውን ልቀብረው ነበር።»

እትዬ ዘውዴ ፊታቸው ተለዋወጠ። የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። አልሄዱም፤ የፓርኪንጉ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። የኋላ ኋላ ሻንጣቸውን አጋድመው ከፈቱት። ከውስጡ አንዲት ትንሽ የበርበሬ ብልቃጥ አወጡ።

«ይህችን ብቻ» አሉ። «የእናቱ እጅ እንደሆነ እንዲያውቀው። ሌላው እዚያም ይሸጣል፤ እኔ አብጄ ነው እንጂ።»

አንዱ ሳቀ። ከዚያ ሁሉም የየራሱን ፌስታልና ካርቶን መፍታት ጀመረ። ሰው ከያዘው ላይ ጥቂት ጥቂት አወጣ፤ የሁሉም ተሰብስቦ አንዲት ካርቶን እንኳ አልሞላም። እትዬ ወይንሸት ካርቶኗን ተቀብለው ጎማው ላይ፣ ወለሉ ላይ አስቀመጧት። እኔ ሚዛኑን ከምላሷ ሥር አስገባሁ። ሰዉ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አየ። «ልክ ነው» አልኩ። እልል የሚል አላጣንም።

እትዬ ወይንሸት የመኪናውን በር ከፈቱና ቆሙ። ጋሽ አስፋው ከወዲያ በኩል «ወይንሸት፣ ካልቻልሽ ይቅር። እውነቴን ነው፣ አልቀየምም» አሏቸው። እሳቸው ገቡ። ቀበቷቸውን አሰሩና እንደ ብስክሌቱ ማሰሪያ ሳብ አድርገው ሞከሩት።

ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ ቨርጂኒያ ውስጥ መጀመሪያ እስከሚቆሙበት ቦታ ድረስ ሸኘኋቸው። ተሳቢዋ ቀጥ ብላ ነው የምትሄደው። ጭነት መኪና ሲያልፋት ጥርሴን እነክሳለሁ። ማረፊያው ቦታ ላይ ሮጬ ስደርስ እትዬ ወይንሸት ወርደው ብስክሌቶቹን ይዘው እየነቀነቁ ነው። አንዱን ማሰሪያ ሳብ አደረጉት፣ ሌላውን ተዉት። ላግዝ ብል በእጃቸው ከለከሉኝ።

«አንተ ተመለስ» አሉኝ። «ከዚህ በኋላ እኔ አየዋለሁ።»

ተመለስኩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሥራ ወጣሁ።

እነሱን በሸኘሁበት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ከጽጌ ጋር ተቀምጠን ሳለን ስልኬ ጮኸ። ጋሽ አስፋው ናቸው። ነፋስ ይሰማል፣ እሳቸውም ያለከልካሉ።

«ጋሼ! ምን ሆኑ? ማሰሪያው ላላ?»

«የምን ማሰሪያ! ሐይቅ ዳር ነኝ። ቆም ብዬ ነው የምደውልልህ። ወይንሸት ጥላኝ ሄደች፤ ብጠራት አትሰማኝም! ባትሪውን እስከ መጨረሻ ከፍታዋለች መሰለኝ።» ሳቃቸው ንግግራቸውን ቆረጠው። «ይኸው ዞራ እየሳቀችብኝ ነው። በል ቻው፣ ልድረስባት!»

ስልኩ ተዘጋ። ጽጌ «ምን አሉ?» አለችኝ። ልነግራት አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።